ቨርነን ሁዳክ ያላየውን አይጽፍም

በያንግስታውን ከተማ የኔን ያህል ክንድ የነበረው ሰው የለም። ለጉራ አይደለም የምለው፤ የሚያውቅ ያውቀዋል። ለዳቦ ፋብሪካው የቤዝቦል ቡድን ኳስ ስወረውር በአንድ ከሰዓት አስራ ስምንት መቺ፣ አስራ ስምንት! ዱላውን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ወደ አግዳሚው እንዲመለስ አድርጌያለሁ። እሱን ኋላ አወራችኋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ቨርነን ሁዳክ ነው። ጋዜጣ ስለሱ አልጻፈም፤ ሊጽፍ ነበር፣ በኔ ምክንያት ቀረ። እሱንም አወራለሁ፤ አትቸኩሉ።

ቨርነን በደቡብ ሰፈር ሠላሳ ሦስት ዓመት ፖስታ ያደለ ሰው ነው። በእግሩ። እኔ በዚያው ሰፈር የዳቦ መኪና እነዳ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ቤቱ እኔን መሸከም አቅቶት ወጣሁ፤ ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጬ ነው የኖርኩት። ታዲያ አንድ ማለዳ ዳቦ ሳወርድ ከሚስስ ፓቭሊክ ግቢ ጩኸት ሰማሁ። ውሻዋ የቨርነንን ባት ይዞ አልለቅም ብሏል። እኔ ምን አደረግሁ? ከመኪናው ሳልወርድ አንድ ሙሉ የአጃ ዳቦ አነሳሁና ወረወርኩ። ሠላሳ እርምጃ ይሆናል። አጥር አለ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ አለ፣ በመሃል ውሻው ይወራጫል። ግንባሩን! ውሻው ከዚያን ቀን በኋላ ዳቦ ባየ ቁጥር አልጋ ሥር ይገባል ብላኛለች ሚስስ ፓቭሊክ።

ቨርነን እግሩ እየደማ ዳቦውን ከመሬት አነሳና፣

"የማን ነው?" አለኝ።

"የማንም ይሁን፤ ነፍስህን አድኗል።"

"ለማን የተላከ ነው ነው የምልህ።"

"ለጥጉ ሱቅ። ምነው?"

አራግፎ፣ እያነከሰ ወስዶ ለባለሱቁ ሰጠው። "ውሻ መትተንበት ነው፣ ግን ያንተ ነው" ብሎ። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጓደኛዬ ሆነ። እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል፤ አርባ ዓመት ሊሞላን ነው።

ሜዳ ለሜዳ የመዞራችን ነገር የጀመረው ከዚያችው ከሚስስ ፓቭሊክ ቤት ነው። ልጇ የጫማ ሻጭ ነበር፤ አገር ላገር ይዞራል። ከደረሰበት ከተማ ሁሉ ለእናቱ ፖስትካርድ ይልካል፣ ሁሌም የቤዝቦል ስታዲየም ፎቶ ያለበት። ቺካጎ ግድግዳው ሐረግ የለበሰውን፣ ቦስተን ያን አረንጓዴ ግንብ፣ ካንሳስ ሲቲ ፏፏቴውን። ቨርነን እነዚያን ካርዶች በእጁ ይዞ እስከ በሯ ይሄዳል፤ ከመኪና መንገዱ እስከ በሩ ሃያ እርምጃ ነው፣ ሃያውንም እርምጃ ፎቶውን እያየ ነው።

"ጀርባውንስ?" አልኩት አንድ ቀን። "ልጁ ምን እያለ ይጽፋል?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"አንብበህ አታውቅም?"

"የኔ አይደለማ።"

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ? አንዴም?"

"የኔ አይደለም አልኩህ እኮ፣ ካርሚን።"

እኔ ብሆን ኖሮ የልጁን ሚስት የልደት ቀን ሳይቀር አውቅ ነበር።

ጡረታ የወጣ ዕለት፣ ቦርሳውን ባስረከበ በሁለተኛው ሰዓት፣ ቤቴ መጣ። በብብቱ ትልቅ አረንጓዴ ደብተር ይዟል።

"መኪና አለህ" አለኝ።

"አለኝ።"

"ወሬም አለህ።"

"ሞልቷል።"

"መኪናውን ብቻ ብታመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ግን አብረው ነው የሚመጡት መሰለኝ።"

ሠላሳውንም ሊያይ ነው። ትልልቆቹ ቡድኖች የሚጫወቱባቸውን ሠላሳዎቹን ሜዳዎች። አንዱ ድንበር ማዶ ካናዳ ነው፤ እሱንም ቆጠረው። ሚስቱ ዶሎረስ ቤዝቦል እንቅልፍ ያመጣባታል፤ አርብ አርብ በቤተክርስቲያኑ ምድር ቤት ከሴቶቹ ጋር ፒሮጊ የሚሉትን ድንች የሚሞላበት ሊጥ ስትጠቀልል "ወሰዱልኝ፣ እግዜር ይስጣቸው" ትል ነበር አሉ።

አሁን ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። ቨርነን ጨዋታ ዝም ብሎ አያይም፤ ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ መቺ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች፤ ምን እንደሆነ በእርሳስ ይሞላታል። ሜዳ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ቁጥር አለው። ወርዋሪው አንድ፣ ተቀባዩ ሁለት፣ የመጀመሪያውን ማዕዘን የሚጠብቀው ሦስት፣ እንዲህ እያለ እስከ ዘጠኝ። ስድስተኛው ኳሷን አንስቶ ለሦስተኛው ከወረወረና መቺው ከጨዋታ ከወጣ "ስድስት፣ ሦስት" ይጻፋል። መቺው ሦስት ጊዜ ሰንዝሮ ከሳተ የእንግሊዝኛዋ ኬ ፊደል ናት። ዱላውን ሳያነሳ ሦስተኛዋ ኳስ እያየ ካለፈችው ደግሞ ኬዋ ተገልብጣ ትጻፋለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንዳዞረች ሴት። ያቺ ውርደት ናት። እኔ ስወረውር ስንቱን... እሺ፣ ኋላ።

ሕጉ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የመጨረሻው መቺ እስኪወጣ መቀመጥ ነው። ፊላደልፊያ ላይ ዝናብ ሦስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ቀጥቅጦን፣ እኔ የፕላስቲክ ከረጢት ራሴ ላይ ጠምጥሜ ተቀምጠናል። ሁለተኛ፣ ያላየኸውን አትጽፍም። ካላየህ "አላየሁም" ብለህ ጻፍ። ለሷም ምልክት አለ፣ ሁለት ፊደል። ቨርነን በሙሉ ደብተሩ እንዲህ ያለች ሳጥን አንዲት ብቻ ነበረችው። ሚልዋኪ ላይ ተርብ ቢራው ውስጥ ገብታ እሷን ሲያወጣ አንድ ምት አመለጠው። ያቺን ሳጥን የሰፈራችን ስሎቫኮች ክበብ ውስጥ ለሁሉ ያሳያል። "እዩዋት፣ ከሁሉ የምወዳት እሷን ነው" ይላል። ሰዎቹ ይስቁበታል። እኔም እስቅ ነበር፤ ሳቄ ግን ትንሽ አጠር ይል ነበር።

ምክንያቱም የሲንሲናቲው ነገር አለ።

አራተኛዋ ሜዳችን ነበረች፣ በሁለተኛው ክረምት። ከቤታችን አራት ሰዓት ተኩል፣ ወንዙ ዳር። አምስተኛው ዙር ላይ ቨርነን ሽንት ቤት መሄድ ነበረበት። ደብተሩን ጭኔ ላይ አደረገና፣ "አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እየው" ብሎኝ ሄደ።

እኔ ደግሞ ከኋላችን ከተቀመጠ የኬንታኪ ሰውዬ ጋር ወሬ ይዤ ነበር። ስለ አስራ ስምንቱ መቺዎች እየነገርኩት፤ ገና አስራ አንደኛው ላይ ነኝ። ክንዴን እንዴት እንደማወናጭፍ ለማሳየት ዞር ብያለሁ፣ ጀርባዬ ለሜዳው። ሕዝቡ "ኧ..." አለ፣ ሾርባ ሲቀዘቅዝበት እንደሚለው። ዞር ስል መቺው ዱላውን እየጎተተ ወደ አግዳሚው ይመለሳል። ታዲያ ምን ልበል? እኔ ቤዝቦል የማላውቅ ሰው ነኝ? አካሄዱን አየሁ፣ ትከሻውን አየሁ፣ የተገለበጠች ኬ ጻፍኩ። አሳምሬ።

"ምን ሆነ?" አለ ቨርነን ሲመለስ።

"ቆሞ አያት። ዱላውን እንኳ አላነሳም፣ ምስኪን።"

"ጎበዝ" አለኝ። ጎበዝ!

ጨዋታው አልቆ ደረጃውን ስንወጣ፣ ቨርነን ፊት ፊት እየሄደ፣ የኬንታኪው ሰውዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "ወዳጄ፣ ያን ጊዜ የጻፍካት ልክ አይደለችም መሰለኝ። ወደ ላይ መትቷት ሦስተኛው ነው ከመስመር ውጭ የቀለባት" አለኝ። አመሰገንኩት። ለቨርነን ግን አልነገርኩትም። መኪናው ጋ ስንደርስ እነግረዋለሁ አልኩ። ኮሎምበስ ስንደርስ አልኩ። አስር ዓመት ሆነኝ።

አስር ዓመት ማለት ሃያ ስድስት ሜዳ ማለት ነው። አንዳንዱን ክረምት ሁለት፣ አንዳንዱን ሦስት። እኔ ነድቼ! አንድ ጭረት የለም በመኪናዬ ላይ፣ ከዳላስ ውጭ ካለችው በቀር፤ እሷም የሌላ ሰው ጥፋት ናት። ዴንቨር ላይ አየሩ ሳስቶ ኳሷ እንደ ወፍ ስትሄድ አየን። ሂዩስተን አየር ማቀዝቀዣ ያለው ጣራ ሥር ገብተን በሐምሌ ሙቀት በረደን። ቨርነን በየሜዳው አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ ይገዛል፤ ልጣጩን በጫማው መሃል እየከመረ ይበላል፤ ሲጨርስ ክምሩን በእግሩ ጫፍ እኩል ያደርገዋል። ከዚያ ከየከተማው ፖስትካርድ ለዶሎረስ ይልካል። ጀርባው ላይ የሚጽፈው ውጤቱን ብቻ ነው። "ሁልጊዜ አራት ለሁለት ነው የምወደው፣ ወይስ ሰባት ለዜሮ ነው የምናፍቅሽ?" ብላ ትቀልድበት ነበር ዶሎረስ።

ሃያ ዘጠኙ ሲሞላ ዓይኑ ጀመረው። መሃሉ ነው የጠፋው፤ ዳር ዳሩ አለ። ፊትህን ለማየት ጆሮህን ማየት አለበት። የክሊቭላንድ ዶክተር "እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብታይ ነው" አለችው። የቀረችው ሳን ዲያጎ ነበረች፣ የአገሩ ሌላኛው ጫፍ። እንሂድ አልኩት። በሚያዝያ ተነሳን። የክበቡ ሰዎች ለመመለሻችን ኬክ አዘዙ፤ የጋዜጣ ሰውም ፎቶ ሊያነሳው ቀጠሮ ያዘ።

ሳን ዲያጎ ፀሐይ ነው፣ ባሕር ነው። ቨርነን እንደ ዶሮ አንገቱን ጠምዝዞ፣ በዓይኑ ጥግ እያየ ይጽፋል። ሁሉንም ያዘ። ሰባተኛው ዙር መሃል ላይ ሕዝቡ እንደ ልማዱ ተነሳና ዘፈነ፤ እኛም ዘፈንን። ቨርነን ድምፁ አያምርም፤ የኔ ግን ያምራል። ስንቀመጥ ደብተሩን በሁለት እጁ ይዞ፣

"ካርሚን" አለኝ፣ "ስሜን ከስድስት መንገድ ወዲያ የሚያውቀው የለም። ትልቅ ነገር አልሠራሁም። ግን ይሄ ደብተር ውስጥ አንድ የውሸት ሳጥን የለም። ሠላሳ ሜዳ፣ አንድ የለም።"

ዝም ብል ማን ያውቃል? ማንም። የኬንታኪው ሰውዬ ሞቶም ሊሆን ይችላል። ግን ሰውየው እኮ ደብተሩን እያሻሸ ነው፣ የታመመ ልጅ እንደሚያሻሹት። 

"ቨርነን፣ ሲንሲናቲ" አልኩ።

"ሲንሲናቲ ምን?"

"አምስተኛው ዙር። ሽንት ቤት የሄድክ ጊዜ።"

"እሺ?"

"ቆሞ አልቀረም ሰውየው። መትቷታል። ሦስተኛው ነው አሉ የቀለባት።"

"አሉ?"

"ከኋላ የነበረው የኬንታኪ ሰውዬ።"

"አንተስ?"

"እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። ለሱ እያወራሁለት።"

ቨርነን እርሳሱን አነሳ። ስምንተኛው ዙር ተጀመረ፤ ጻፈ። መቺው ወጣ፤ ጻፈ። 

"ሰረዝ አድርግና 'አላየሁም' በልባት" አልኩት። "ሚልዋኪ እንዳደረግከው። ምን አለበት?"

"አሁን?" አለ ፊቱን ሳያዞር። "እሷ የምትጻፈው እዚያው ነው፣ ነገሩ ሳይቀዘቅዝ። የዚያን ዕለት ብትል ኖሮ እጽፋት ነበር። አስር ዓመት ሙሉ ደብተሩን ለሰው ከፍቼ እዩልኝ ስል አንተ አጠገቤ ቆመህ ነበር።"

ጨዋታው አለቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽፋኑ ላይ የሜዳውን ቁጥር ይጽፋል። እርሳሱን ኪሱ ከተተና "ሃያ ዘጠኝ" አለ።

ከሳን ዲያጎ እስከ ያንግስታውን አራት ቀን ነው። አራት ቀን አላናገረኝም። እኔን! አሪዞና ላይ ስለ ድንጋዩ ለማውራት ሞከርኩ፤ ዝም። ኦክላሆማ ላይ ስለ ነፋሱ፤ ዝም። ሚዙሪ ስንደርስ ለራሴ ማውራት ጀመርኩ፤ ራሴም አልመለሰልኝም። እሱ ያለኝ ነገር ቢኖር "ቤንዚን" እና "በቀኝ" ነው። በዓይኑ ዳር ምልክቱን እያየ እንኳ መንገድ አይስትም።

ክበቡ ስንገባ ሰው ሞልቷል። ኬኩ ላይ በሰማያዊ ስኳር ሠላሳ ቁጥር ተጽፏል። ቨርነን ኮቱን ሳያወልቅ "ሃያ ዘጠኝ ነው" አላቸው። "አንዱ ተበላሽቷል።"

"እንዴት ይበላሻል?" አለ ባርማኑ። "የፖስታ ሰው መቁጠር ጠፋበት?"

"ፀሐዩ ነው አናቱን የመታው!"

"ካርሚን፣ አንተ ንገረን እንጂ! መቼም አንተ ዝም አትል!"

ቨርነን ወደኔ አላየም። ምክንያቱን አልተናገረም። ስሜን አላነሳም። ይሳቁብኝ ብሎ ቆመ። ዶሎረስ ቢላዋ አነሳችና ሠላሳዋን ከኬኩ ላይ ፈቀፈቀቻት፤ ሰማያዊውን ስኳር ከቢላዋው ላይ ስትልስ እኔን አየችኝ። ያቺ ሴት ቤዝቦል አታውቅም፤ እኔን ግን ታውቀኛለች። የጋዜጣው ሰው ካሜራውን ቦርሳው ከትቶ ኬኩን በልቶ ሄደ። እኔም በላሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ኬክ አልበላሁም፤ ሳሙና ነው።

ሚያዝያ አለፈ፣ ግንቦት፣ ሰኔ። አልደወለም። ነሐሴ ላይ የደወለችው ዶሎረስ ናት።

"ዓይኑ ሄዷል" አለችኝ። "ጥላ ነው የሚያየው። ሬዲዮ እየሰማ ይጽፋል፤ ከዚያ ገጹን ይቀደዋል።"

"ለምን?"

"'የሬዲዮው ሰውዬ ነው ያየው እንጂ እኔ አይደለሁም' ይላል። ካርሚን፣ ያጠፋኸውን አላውቅም፤ ማወቅም አልፈልግም። መጥተህ ውሰደው።"

"አይመጣም፣ ዶሎረስ።"

"አንተ ና ብቻ። ቦርሳው ተዘጋጅቷል።"

እሁድ ማለዳ ሄድኩ። በረንዳው ላይ ተቀምጧል፣ ደብተሩ ጭኑ ላይ። የመኪናዬን ድምፅ ያውቃታል።

"የት ነው?" አለኝ።

"ሲንሲናቲ።"

"ማን ሊያይልኝ? አንተ?"

"ሌላ ሾፌር አለህ?"

"አንተ ቱልቱላ" አለኝ። ከአራት ወር በኋላ የመጀመሪያዋ ደግ ቃል ናት። ተነሳ።

መንገድ ላይ ብዙ አላወራንም። ሲንሲናቲ ገብተን እዚያ የሚወዱትን፣ ስፓጌቲ ላይ የሚያፈሱትን ቀረፋ ቀረፋ የሚል የሥጋ ወጥ በላን። ቨርነን ሸሚዙ ላይ አፈሰሰ፤ አልነገርኩትም። ኋላ ትዝ አለኝና ነገርኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ የሸሚዝ ነገር እንኳ መደበቅ ፈራሁ።

ሜዳው በር ላይ አንዲት ወፍራም አሮጊት አስተናጋጅ ቲኬታችንን አየችና፣

"የኔ ጌቶች፣ ደረጃው ቁልቁል ነው፤ እየተጠነቀቃችሁ" አለች።

"እሱ ደረጃውን አያየውም" አልኳት። "እኔ ደግሞ ጉልበቴ የለም።"

"እንግዲህ ሁለታችሁ ተደምራችሁ አንድ ሰው ይወጣችኋል፤ በአንድ ቲኬት ማስገባት ነበረብኝ።"

ቨርነን ሳቀ። ሳቁን እንዴት ናፍቄው እንደነበር አልነግራችሁም።

ተቀመጥን፤ ኦቾሎኒውን ከፈተ፤ ደብተሩን ዘረጋ። ገጹን ሳይ ዶሎረስ በየመስመሩ ላይ የልብስ ስፌት ክር በሙጫ ለጥፋለታለች። በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ሳጥኗን ያገኛታል። ያቺ ቤዝቦል እንቅልፍ የሚያመጣባት ሴት መቶ ምናምን ሳጥን በክር አጥራ።

"ተናገር" አለኝ። "ስለ ኳሷ፤ ስላንተ አይደለም።"

የመጀመሪያው መቺ ገባ።

"እንዲህ ዓይነቱን አቋቋም እኔ ድሮ ስወረውር..."

"ካርሚን።"

"እሺ። መታት። በመሬት ተንከባለለች። ስድስተኛው አነሳ፣ ለሦስተኛው ወረወረ። ወጣ።"

"አየህ?"

"በሁለቱም ዓይኔ።"

ጻፈ።

እንዲህ ሆነን ሄድን። ምን ልበላችሁ፣ እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አልሠራሁም፤ የዳቦ ጆንያ ይሻላል። ዓይኔን ጨፍኜ ብገልጥ ኳሷ ሌላ ቦታ ናት። ከኋላችን አንድ ሰው "እናንተ ከየት ናችሁ?" ብሎ ወሬ ሊጀምር ፈለገ፤ እኔ፣ እኔ ካርሚን ዴሉካ፣ "በኋላ ወንድሜ" አልኩት። ሁለተኛው ዙር ላይ ሁለት ኬ ጻፍን። አራተኛው ላይ ኳሷ አጥሩን አልፋ ወንዙ አቅጣጫ ሄደች፤ ሕዝቡ ሲነሳ ቨርነን እጄን ያዘኝና "በየት በኩል?" አለኝ፤ "በቀኝ፣ ከፍ ብላ፣ ጀልባውን የምትመታ መስላ" አልኩት፤ "ጀልባውን ተው" አለኝ፤ ተውኩት። አምስተኛው ዙር ሲገባ ወንበሬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እያንዳንዷን ኳስ ቆጥሬ ነገርኩት። ያቺ ዙር አለፈች። ቨርነን አንድ ኦቾሎኒ ፈልፍሎ ሰጠኝ።

ስምንተኛው ዙር ነው። ሁለት ሰው ወጥቷል፤ አንድ ቀርቷል። ቨርነን ክሩን በጣቱ እየፈለገ ነበር፤ ፈለገ፣ አጣት፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ቆጠረ። እጁ ላይ የፖስታ ቦርሳው መያዣ የሠራው ጠባሳ አለ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ለሰው ሁሉ ትክክለኛውን በር ያገኘ እጅ አሁን አንዲት ሳጥን ይፈልጋል። እኔ እሱን ሳይ "ኧ..." አለ ሕዝቡ።

ቀና አልኩ። መቺው ዱላውን እየጎተተ ወደ አግዳሚው ይመለሳል። ተከላካዮቹም እየሮጡ ይገባሉ።

"ምን ሆነ?" አለ ቨርነን። እርሳሱ ሳጥኗ ላይ ደርሷል።

ማለት እችላለሁ። እናንተ ቤዝቦል ስለማታውቁ ነው እንጂ፣ አካሄዱን ያየ ሰው ያውቃል። ቆሞ ነው ያለፈችው፤ ዘጠና በመቶ እርግጠኛ ነኝ። ዘጠና አምስት። አፌ ተከፍቶ ነበር።

"አላየሁም" አልኩ።

በሰባ አራት ዓመቴ ያቺን ቃል ያን ቀን ነው ያወጣኋት። እንደ ጥርስ ናት፤ ስትወጣ ታማለች፣ ከዚያ ቦታው ይቀዘቅዛል።

ቨርነን ፊቱን ወደኔ አዞረ።

"ምን እያየህ ነበር?"

"እጅህን።"

"ሞኝ" አለኝ። "ኳሷ እኮ እዚያ ናት።" ከዚያ አጎንብሶ፣ በጣቱ ክሩን ይዞ፣ ሁለቱን ፊደል ቀስ ብሎ ጻፈ። ጠማማ ሆነው ወጡ። ከኋላ ያለው ሰውዬ "እኔ አይቻለሁ፣ ልንገራችሁ?" አለ። ሁለታችንም ባንድ ላይ "አይ!" አልነው፤ ደነገጠ ምስኪኑ።

ዘጠነኛው ዙር አለቀ። የመጨረሻዋ ኳስ ወደ ስምንተኛው ሄደች፣ በአየር ላይ፣ ሮጦ ቀለባት፤ አየሁ፣ ነገርኩት፣ ጻፈ። ሰው ሁሉ ሲወጣ ቨርነን የልጣጩን ክምር በእግሩ ጫፍ እኩል አደረገ። ደብተሩን ዘጋና እርሳሱን ሰጠኝ።

"ሽፋኑ ላይ ጻፍ" አለኝ። "እኔ ጠማማ አደርገዋለሁ።"

"ስንት ልበል?"

"ቁጥር አታውቅም እንዴ፣ ስምንተኛ ክፍል?"

ሠላሳ ብዬ ጻፍኩ። የኔም ጠማማ ሆነ፤ አልነገርኩትም... ነገርኩት፣ ነገርኩት። "ይሁን" አለ።

ስንመለስ ኮሎምበስን ስናልፍ፣ ፀሐይዋ ገና ሳትገባ፣ ከጎኔ ሆኖ "ዝም አልክ እኮ" አለኝ።

"ደከመኝ።"

"ያን የዳቦ ፋብሪካውን ጨዋታ አውራኝ እስቲ። ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ ተርፋለች፤ እጽፋታለሁ።"

"እውነትህን ነው?"

"እርሳሱን ይዣለሁ። ስንት መቺ ነበር?"

 የጭነት መኪና አለፈን። ሌላም አለፈን። መሪውን ጨበጥ አደረግሁ።

"ሰባት" አልኩ። "ግን ነፋስ ነበረ፣ ቨርነን። ፊት ለፊት።"

"ነፋሱን አየኸው?"

"ነፋስ ይታያል እንዴ?"

"እንግዲያው ሰባት" አለና ክር የሌለባት ገጽ ላይ እየዳሰሰ መጻፍ ጀመረ።